የአባቴ አውራ ጣት

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ማድቤት በእሳት ተያይዞ፣ ጉዳቱ ከጣሪያውና ከአንድ ጎታ ገብስ ሳያልፍ እሳቱ ቢጠፋም፣ የከሰለው ገብስ ከጥቀርሻው ጋር ተደባልቆ ከአሥር ቀን በላይ ዝናብ ሲመታው ሰነበተና፣ አንድ ጠዋት መስኮቴን ብከፍት የኮመጠጠና የበሰበሰ ሽታ ፊቴን መታኝ። የጎረቤቴ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው «ምን ሞቶ ነው?» ይባባላሉ። እኔ ግን መስኮቱን መዝጋት አቅቶኝ ቆሜ ቀረሁ። ምንም አልሞተም፤ የሸተተኝ የአባቴ ቀለም ነበር። ይህን ሽታ ካሸተትኩ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ የስንቱን ሰው ስምና መልክ ረስቻለሁ፣ አፍንጫዬ ግን ከእኔ የተሻለ ታማኝ ኖሮ ምንም አልረሳም።

አባቴ አንኮበር በአንድ ደብር የሚያገለግል ቁም ጸሐፊ፣ በብራና ላይ በመቃ ብዕር መጻሕፍት የሚጽፍ ሰው ነበር። አገሩ ሁሉ መሪጌታ ይለው ነበር። ደብሩ ለጸሐፊው የመደበው፣ ከቤታችን በታች ቁልቁል የተዘረጋ የገብስ መሬት ነበረ፤ ደመወዙም ያ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ መሬቱን የሚበላው የሚጽፈው ሰው ነው። አያቴ ሲጽፍ በልቶታል፣ ዓይኑ ሲፈዝ ለአባቴ አስረክቦታል፣ ዝናብ ቢበዛም ቢያንስም ያ መሬት ጦማችንን አሳድሮን አያውቅም ነበር።

ቀለም የሚዘጋጀው ሰኔ ሲገባ ነበር። አባቴ ገብሱን በብረት ምጣድ ከሰል እስኪሆን ያሳርረዋል፣ እናቴ ትፈጨዋለች፣ እኔ ደግሞ ቅል ይዤ በየጎረቤቱ እየዞርኩ ከድስት ቂጥ ጥቀርሻ እፍቅ ነበር። ሴቶቹ «ኧረ የመሪጌታ ልጅ መጣች፣ ድስታችሁን ደብቁ፣ ትላጨዋለች!» እያሉ ይስቁብኛል፤ ስመለስ ከጥርሴ በቀር ነጭ ነገር ስለማይቀረኝ እናቴ ደጅ ላይ አቁማ ሳታጥበኝ አታስገባኝም ነበር። ጥቀርሻው ከገብሱ ጋር በውሃ ይለወስና በእንስራ ተከድኖ ከምድጃው ጀርባ እንዲበሰብስ ይቀመጣል። ወራት ይፈጅበታል። በየቀኑ በወይራ እንጨት ካልተማሰለ ይጓጉላል፣ ተጽፎም ከብራናው ላይ ይረግፋል። ማማሰሉ የእኔ ሥራ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበርና ከዚያ የከበረ ሥራ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። በቀለሙ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ለሴት ልጅ ፊደል ማን ያስቆጥራል?

የማወራው ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ስለነበረው ክረምት ነው። ከበላያችን የጣሊያን ምሽግ ነበረ፣ በቆላው በኩል አርበኛው ነበረ፣ እኛ መካከል ላይ ሆነን ገብሳችንን እናርም ነበር። ሰው ያሉትን መጻሕፍት ዋሻ ውስጥ በሚሸሽግበት ዘመን አዲስ የሚያስጽፍ አልነበረምና አባቴ የያዘው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ የደብሩ ዳዊት ስላረጀ በምትኩ አዲስ ዳዊት እየጻፈ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ መስኮቱ ሥር እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ፣ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ብዕሩን ከአውራ ጣቱ ጋር አጥብቆ ይይዝና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጽፋል። የአውራ ጣቱ ጎን ላይ ብዕሩ የሠራው ጎድጓዳ ነበረ። እጁን ስይዝ ጣቴን እዚያ ጎድጓዳ ላይ አሳርፍ ነበር።

ነሐሴ ላይ ሐጂ ኑሩ ወደ ቤታችን መጡ። ሐጂ ኑሩ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነበሩ፤ አባቴ የቅዱሳንን ስም የሚጽፍበትን ቀይ ቀለም ከሩቅ ገበያ የሚያስመጡለት እሳቸው ነበሩና ከድሮ ጀምሮ ይዋደዱ ነበር። እናቴ የገብስ ቆሎና እርጎ አቀረበችላቸው። ቢስሚላህ ብለው ጥቂት ከቀመሱ በኋላ ነገሩን አመጡት።

«መሪጌታ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ካሚዮን ገዝቻለሁ» አሉ። «አሮጌ ነው፣ ግን ይሄዳል። እህል ወደ አዲስ አበባ፣ ጨውና ሸማ ወደዚህ። ሾፌር የአሥመራ ልጅ አግኝቻለሁ። ረዳቱ ግን የአገሩ ሰው እንዲሆን እፈልጋለሁ። ኬላ ላይ ጣሊያን ያስቆማል፣ ጫጫን ሲያልፉ አርበኛ ያስቆማል። እርስዎን የመሰለ ነጭ የጠመጠመ ሰው ከፊት ከተቀመጠ፣ ወላሂ፣ አርበኛውም ለመተኮስ እጁ አይታዘዘውም።»

አባቴ ሳቀ። ግን አልተወውም። ሐጂ ኑሩ ከሄዱ በኋላ ሦስት ቀን ብዕሩን ቀለም እየነከረ ሳይጽፍበት ሲያደርቀው አየሁት፤ በአራተኛው ቀን ለእናቴ ነገራት። እናቴ የበግ ጠጉር እየፈተለች ነበር፤ የደብረ ብርሃን ሸማኔዎች በርኖስ የሚሠሩበትን ጠጉር እሷ ነበረች የምትፈትልላቸው። እንዝርቷን አስቀመጠች።

«መሪጌታ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰሙም?» አለችው። «ይህ መሬት እኮ የአባትዎ ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አላት። «ወረቀቱን ስይዝ ኖሬአለሁ፣ ሞኙን ደግሞ አልጨምርበትም።»

እናቴ አልሳቀችም። ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ እስከ ዛሬ የማስታውሰውን ነገር ተናገረ። «የምጽፈው አባቴ የጻፈውን ዳዊት ነው። እሱም አባቱ የጻፈውን ነው የጻፈው። አንዲት ፊደል ብጨምር ኃጢአት ነው፣ ባጎድልም ኃጢአት ነው። እስቲ መጨረሻውን የማላውቀውን ነገር አንድ ጊዜ ልየው።»

የደብሩ አለቃ አንጀታቸው እያረረ ፈቀዱለት። አባቴን በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ስለነበሩ እንደ ልጃቸው ያዩት ነበር። «እስከ ፋሲካ ተማሪህ ዲያቆኑ ይሸፍንልህ፣ ገብሱንም ተካፈሉት» አሉት። «የትንሣኤ ዕለት ብዕርህን ይዘህ ካልተገኘህ ግን መሬቱ የጻፈው ነው። እኔ ለሰው ብዬ የደብሩን ደንብ አላፈርስም።» አባቴ ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ሄደ። አደይ አበባው ገና አልረገፈም ነበር። ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ስሞኝ «አስኩ፣ ቀለሙን አደራ» አለኝ። «ዘንድሮ አልቸኩልበትም፣ በዘገየ ቁጥር ይጠቁራል። እኔ ስመለስ እሱም ይደርሳል።» ስሜ አስካለ ነው፤ አስኩ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ፊቴን ሳልታጠብ ወደ እንስራው እሄድ ነበር።

ጥቅምትና ኅዳር ገብሱ ታጭዶ ሲወቃ አባቴ አልነበረም። ዲያቆኑ ድርሻውን ጭኖ ሲሄድ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጎተራችንን ግማሽ ሆኖ አየችው። ውሃ ስቀዳ ልጆቹ «የባንዳ ልጅ» ይሉኝ ጀመር። አንዷን ጠጉሯን ይዤ ምንጩ ውስጥ ነክሬአታለሁ፤ እናቴ ስትቆጣኝ «አባባ ባንዳ አይደለም፣ ረዳት ነው!» ብዬ ጮህኩ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ዱላውን ተወችኝ።

አባቴ በየሦስት ሳምንቱ የአንድ ቀን መንገድ በእግሩ ተጉዞ ይመጣ ነበር። ሲመጣ ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እናቴ «ይህን ልብስ ከደጅ ይተዉት፣ ቤቱን እንዳያነድብኝ» ትለዋለች፣ እሱ ከኪሱ ለእኔ ከረሜላ፣ ለእሷ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ያወጣል። ከዚያ ወሬው ይጀመራል። እንደዚያ ወሬኛ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሲጽፍ ዝም ብሎ የኖረውን ቃል ሁሉ አጠራቅሞ ያፈሰሰው ነው የሚመስለው። የጫጫን ሜዳ በአንድ ትንፋሽ ሲያልፉት፣ ሸገር ደርሰው መብራት ያለ ጭስ ሲበራ ማየቱን፣ ተኽለ የሚባለው የአሥመራው ሾፌር በሦስት ቋንቋ ሲራገም፣ ይህን ሁሉ ይነግረን ነበር።

አንድ ጊዜ ዘነዘናውን አንስቶ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ አሳየን። ከካሚዮኑ አፍንጫ ሥር ማኖቬላ የሚባል የተጣመመ ብረት ይሰካል፣ ረዳቱ በጉልበቱ እየተጎነበሰ ያዞረዋል፣ ሞተሩም ይነቃል።

«ተኽለ መጀመሪያ ያስተማረኝ ምን መሰለሽ? ‹መሪጌታ፣ አውራ ጣትዎን ከአራቱ ወንድሞቹ ጋር ያሰልፉት› አለኝ። ብረቱን ጨብጠሽ አውራ ጣትሽን ከታች በኩል ካጠለፍሽው አበቃ። አንዳንድ ጊዜ ብረቱ ወደ ኋላ ይራገጣል።»

«እንደ በቅሎ?» አለች እናቴ፣ ሳቋን እየያዘች።

«በቅሎማ ጆሮዋን ጥላ ታስጠነቅቃለች!»

ዘነዘናውን ጨብጦ ሊያሳየን ሲሞክር ግን አውራ ጣቱ ሳያስበው ዞሮ ከታች ይገጥማል። ያስተካክለዋል፣ ወሬውን ሲቀጥል ደግሞ ተመልሶ ይዞራል። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ብዕር ሲይዝ የኖረ ጣት ነው፣ ሌላ አያያዝ አያውቅም። እናቴ እስክታነባ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ስለ ሌላም ነገር ነገረን፤ ከመሪው ሥር አንዲት ትንሽ ብረት አለች፣ ተኽለ ከማኖቬላው በፊት ወደ ላይ ይገፋታል፣ ሞተሩ ሲነሳ ወደ ታች ይስባታል፣ ያኔ ካሚዮኑ ጥርት ብሎ ያጓራል። እኔ ይህን እንደ ተረት ሰምቼ በልቤ አሳደርኩት። ከተረቱ የቀረልኝ ግን ብረቷ ወደ ታች ስትሳብ ሞተሩ እንደሚያጓራ ብቻ ነበር።

በጥምቀት ሲመጣ ከረሜላ አላመጣም። ከጫጫ ወዲያ ተተኩሶባቸው ነበር። ነጭ ጥምጣሙም አልጠቀመም፣ ጉም ስለነበረ ማንም አላየውም። ጥይቱ በሩን በስቶ ከጉልበቱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ አልፏል፣ ከጭነቱ ላይ ተሳፍሮ የነበረ አንድ ገበሬ ደግሞ ትከሻውን ተመትቶ፣ አባቴ ጉልበቱ ላይ አስተኝቶት እስከ ደብረ ብርሃን ወስዶታል። ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲመለስ አለቃውን ከሩቅ አይቶ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ጠዋት ድምፅ ሰምቼ ብነሳ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ብዕር ሲቀርጽ አገኘሁት። የቆየ ቀለም ከቀለም ቀንዱ አውጥቶ በቁራጭ ብራና ላይ አንድ መስመር ጻፈና ለእናቴ አሳያት፤ እናቴ ማንበብ ባትችልም መስመሩ ቀጥ ማለቱን አየች።

«መንገዱም እንደ ዳዊቱ ነው» አላት። «ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። በቃኝ። ዳዊቱን ልጨርስ። ሐጂን በወሩ መጨረሻ እሰናበታቸዋለሁ፣ ፋሲካን እዚሁ ነኝ።»

እናቴ ብድግ ብላ ወጣች፣ ከጓሮ ስታለቅስ ሰማኋት፣ ስትመለስ ግን ፊቷ ወጣት ሆኖ ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር። እኔ ነኝ እንዲያልቅ ያላደረግሁት። መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። «ካሚዮን ላይ አወጣሻለሁ ብለኸኝ የለም? ቃል አልገባህልኝም?» እያልኩ ቤቱን በጩኸት አናወጥኩት። እውነቱን ነው፣ ኅዳር ላይ ቃል ገብቶልኝ ነበር።

«ይተዉዋት፣ ትረሳዋለች» አለች እናቴ ወደ ሐጂ የሚሄደውን መልእክተኛ እያሰበች። «ስንብቱን በሰው ይላኩ።»

አባቴ ግን አየኝ። «ቃል ገብቼላታለሁ» አለ። «የመጨረሻዬ ስለሆነ እሷን ይዤ ልሂድና ጫጫ ደርሰን እንመለስ።»

ጥር ሊያልቅ ሲል ከጎረቤት በተዋስነው በቅሎ ደብረ ብርሃን ገባን። እንስራውን ለእናቴ አደራ ብያት ነበር። አንኮበር ብርድ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ብርድን ያወቅሁት ግን በማግስቱ ጠዋት ነው። ሜዳው ሁሉ በውርጭ ነጭቶ፣ ሣሩ ሲረገጥ ይሰበር ነበር። ካሚዮኑ ከሐጂ ኑሩ መጋዘን ፊት ለፊት ቆሞ አየሁት። አረንጓዴ ነበር፣ በሩ ላይ ጥይቱ የበሳው ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል። ተኽለ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበር፤ የይለፍ ወረቀቱን ሊያስመታ ወደ ኬላው ሲሄድ «እስክመለስ አስነሥተው ያሙቁት፣ መሪጌታ» ብሎ ሄደ።

አባቴ አቅፎኝ ጋቢናው ውስጥ፣ በሾፌሩ ቦታ አስቀመጠኝ። በርኖሱን አውልቆ ጠቀለለኝ። ያቺን ትንሽ ብረት ወደ ላይ ገፋትና «አስኩ፣ ምንም ነገር እንዳትነኪ» አለኝ። ከዚያ ማኖቬላውን ይዞ ወደ ፊት ዞረ። በመስታወቱ ውስጥ ጥምጣሙ ብቻ ዝቅ ከፍ ሲል ይታየኝ ነበር። አንዴ አዞረ፤ ሞተሩ ሳለና ዝም አለ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አዞረ፣ እንደዚያው ሆነ። ቀና ብሎ እጁን በትንፋሹ አሞቀ፣ ላብ ግንባሩ ላይ ይጨሳል። እኔ ፍርሃት ያዘኝ። ባይነሳስ? በቅሎዋ ላይ ጭኖ ወደ ቤት ቢመልሰኝስ? ብረቷ ወደ ታች ስትሳብ ሞተሩ እንደሚያጓራ አውቃለሁና፣ አባቴን ላግዘው ብዬ፣ እጄን ከበርኖሱ አውጥቼ ወደ ታች ሳብኳት።

አባቴ ለአራተኛ ጊዜ አዞረ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። አልጮኸም። ጥምጣሙ ከመስታወቱ ሥር ጠፋ፣ ትንሽ ቆይቶ የጋቢናው በር ተከፈተና አባቴ ቀኝ እጁን በደረቱ ላይ አቅፎ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ወደ እኔ አላየም። ግራ እጁን ዘረጋና ያቺን ብረት ወደ ላይ ወደ ቦታዋ መለሳት። ከዚያ በመወጣጫው ላይ ተቀመጠ።

ተኽለ ሲመለስ የአባቴ አውራ ጣት ከሥሩ ዞሮ፣ የእጁም አንጓ አብጦ አገኘው። «ስንት ጊዜ ነግሬዎት ነበር!» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። ጋቢናውን ሁሉ አየ፣ ብረቷንም አየ፤ ብረቷ በቦታዋ ነበረች።

«ብዕር መስሎኝ ነው፣ ተኽለ» አለው አባቴ። «ጣቴ ልማዱን ያዘ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ተኽለ ወዲያው ወጌሻ ፍለጋ ሊወስደው ሲል አባቴ ደህና ወጌሻ ጫጫ መኖሩን ነገረው። ተኽለ ራሱ አዙሮ አስነሣውና ሄድን። አባቴ እጁን በጥምጣሙ ጠቅልሎ በጭኑ ላይ አሳርፎ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ሜዳው በመስኮቱ ሲሮጥ፣ በጎች ሲበረግጉ፣ የገበሬ ቤቶች ወደ ኋላ ሲቀሩ እኔ ሁሉን ረስቼ እጮህ ነበር። ካሚዮኑ በጎድጓዳ ላይ ሲዘል አባቴ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኔ እስቃለሁ። ጫጫ ልንገባ ስንል ጎንበስ ብሎ «አስኩ፣ ደስ አለሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ አባባ» አልኩት። በእርግጥም ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገብቶ እስኪያልቅ እጁ በቀርከሃ ታስሮ ከረመ። እናቴ እሱን አንድም ቀን አልወቀሰችውም፣ እንዝርቷን ብቻ ከወትሮው ታፈጥነው ነበር። ለሚጠይቀው ሁሉ አባቴ ያንኑ ይመልሳል፤ «ብዕር መስሎኝ ያዝኩት።» ሰውም ይስቅለታል፣ ያዝንለታል። እስሩ ሲፈታ አራቱ ጣቶች ይታጠፋሉ፣ አውራ ጣቱ ግን እንደ ቆመ ቀረ። ብዕሩን አስገቡበት፣ ወደቀ። እናቴ በክር አሰረችለት፣ ፊደሉ ተንጋደደ። በሰሙነ ሕማማት በግራ እጁ ሦስት መስመር ጻፈ፤ ረጅም ጊዜ ካየው በኋላ በቢላ ፍቆ አጠፋው።

የትንሣኤ ዕለት አለቃው ራሳቸው በምርኩዛቸው ቤታችን ድረስ መጡ። አባቴ ብዕሩን ይዞ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ብዕሩን የያዘው በግራ እጁ ነበር። አለቃው እጁን አዩና ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ ምን ላድርግ?» አሉ። አባቴም «ደንቡ ደንብ ነው፣ አባታችን። የጻፈው ይብላው» አላቸው። ዲያቆኑ የአባቴን ጉልበት ሲስም ሳይ፣ የሚያለቅሰው እሱ ነበር እንጂ አባቴ አልነበረም። ያልተጨረሰውን ዳዊት አለቃው ለአባቴ ተዉለት፣ ዲያቆኑ ሌላ ጀመረ።

ማኖቬላ ማዞር የማይችል ረዳት ለካሚዮን ምን ያደርጋል? ሐጂ ኑሩ ግን አልጨከኑም፤ ደብረ ብርሃን የእህል መጋዘናቸውን እንዲጠብቅ ሰጡት። ክረምቱ ሳይገባ ቤታችንን በሦስት አህያ ጭነን ወጣን። እንስራውን እናቴ «እዚሁ ይፍሰስ» ስትል እኔ አልሰጥም ብዬ ታቅፌው ሄድኩ። ደብረ ብርሃን እንደ ገባን አባቴ ክዳኑን አነሣ፣ በእንጨት አንጠልጥሎ በብርሃን አየው፣ ትንሽ ቀመሰውም። «አስኩ፣ እንዲህ የጠቆረ ቀለም ሠርቼ አላውቅም» አለ። አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ከእነዚያ ከደብረ ብርሃኑ ጉዞ ቀናት በቀር አንድም ቀን ሳላማስለው አልዋልኩም።

ያ ቀለም እንዳይባክን ብሎ ፊደል ያስተማረኝ በዚያ ክረምት ነው። እናቴ «ሴት ልጅ ጽፋ ማን ሊያገባት?» ስትል «የሚያነብ ያገባታል» ይላት ነበር። እሱ በቃሉ ይነግረኛል፣ እኔ በቁራጭ ብራና ላይ እጽፋለሁ። ብዕሩ ከእጄ ሲላላ በቆመው ጣቱ መታ መታ እያደረገኝ «አውራ ጣትሽን አጥብቂ» ይለኝ ነበር። ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ ሲመለሱ እሱም መጋዘኑን ትቶ ልጆች ፊደል ያስቆጥር ጀመር፤ ተማሪዎቹ ሲጽፍ አይተውት ስለማያውቁ «የማይጽፉት የኔታ» ይሉት ነበር። ያንን ስሰማ እንደዚያች የምንጩ ልጅ ሁሉንም ብነክራቸው ደስ ባለኝ።

አባቴ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጄ መኪና የሚያሠራበት ጋራዥ ውስጥ ሆኜ ስጠብቅ፣ ጥግ ላይ የዚያ ዓይነት አሮጌ ካሚዮን አየሁ። ሽማግሌው መካኒክ መደነቄን አይቶ ጋቢናው ላይ አወጣኝና ያቺን ብረት ከመሪው ሥር አገኘኋት። ምን እንደምትሠራ ጠየቅሁት። «ይቺ ሞተሩ ውስጥ እሳቱ የሚጫርበትን ሰዓት የምታስቀድምና የምታዘገይ ናት፣ እማማ» አለኝ። «ሲያስነሱ ወደ ላይ ነው። ወደ ታች ሆና ማኖቬላ ያዞረ ሰው እጁን ይሰናበተዋል፤ ብረቱ መልሶ ይመታዋል። ረዳት የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል።»

ረዳት የሆነ ሁሉ። ይቀመጡ ሳይለኝ እዚያው መወጣጫ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ በዚያ የውርጭ ጠዋት፣ አጥንቱ በተሰበረ በደቂቃው፣ በሩን ከፍቶ ብረቷን ለምን ወደ ላይ እንደመለሳት ያን ጊዜ ገባኝ። ተኽለ እንዳያያት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ በዕድሜዋ ሁሉ የአባቷን እጅ ተሸክማ እንዳትኖር ነው። አውራ ጣቱም ጥፋት ሊኖርበት ይችላል፣ ያንን አልክድም፤ ግን ጣቱን ብቻ እየወቀሰ የኖረው ስለ እኔ ነበር። ካሚዮኑ ውስጥ ደስ አለሽ ብሎ ሲጠይቀኝም ያውቅ ነበር።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል፣ እግሩን አጥቤዋለሁ፣ ሲታመም አስታምሜዋለሁ፣ ያንን ጣት በእጄ ይዤ ቆሞ ሲበርድ አይቻለሁ። አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቅሁትም፣ የሚጠየቅ መኖሩን አላወቅሁማ።

ያን ጊዜ አንድ መስመር ለመጻፍ የአንድ ዓመት ማማሰል ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ይህን ሁሉ የጻፍኩበትን እስክሪብቶ ጠዋት ከሱቅ ነው የገዛሁት፣ ሲያልቅ እጥለዋለሁ። ያልተጨረሰው ዳዊት ሣጥኔ ውስጥ አለ። ከመጨረሻው መስመር በኋላ ያሉት ባዶ የብራና ቅጠሎች አባቴ በወስፌ ያሰመራቸው ናቸው፣ መስመሩ እስከ ዛሬ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። የልጅ ልጆቼ «አያቴ፣ መጻፍ ትችይ የለም፣ ለምን አትጨርሽውም?» ይሉኛል። አንድ ሁለቴ አውጥቼው ብዕሬን አንስቻለሁ፣ አውራ ጣቴንም አጥብቄአለሁ። ከዚያ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።